ስላልተሰበረችው ወንበር ለማቃጠያ ጣቢያው ሥራ አስኪያጅ

ለከተማችን ቆሻሻን ወደ ኃይል መለወጫ ጣቢያ ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ጤናዎ እንደ ጭስ ማውጫዎ ቀጥ ያለ፣ ከሩቅ የሚታይና ነፋስ የማይነቀንቀው እንዲሆንልዎ እመኛለሁ። ለሳንባዎም የተለየ ምኞት አዘጋጅቼ ነበር፤ ነገር ግን መኖሪያ ቤትዎ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን መሆኑን ሰዎች ስለነገሩኝ፣ ምኞቴ ቀድሞ የተፈጸመ ነውና በእሱ አላደክምዎትም። ነፋሱ ወደሚሄድበት ወገን ያለነው እኛ ደህና ነን። ባስነጠስን ቁጥር ክቡርነትዎን እናነሳለን።

ማንነቴን ላስተዋውቅ። ከጣቢያዎ አጥር ሥር በሚያልፈው መንገድ ዳር፣ ከልብስ ሰፊው ሱቅ ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ቤት ውስጥ ለአርባ አንድ ዓመት ወንበር ስጠግን የኖርሁ ሽማግሌ ነኝ። ሰፈሩ «የወንበር ሐኪም» ይለኛል፤ እግሩ የወለቀ፣ ወገቡ የከዳው፣ መቀመጫው የተቀደደ ሁሉ በሰው ትከሻ ወደ እኔ ይመጣ ነበርና ስሙ አልበዛብኝም። በእጄ ላይ የሞቱት ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱም ዘግይተው የደረሱ ናቸው። ይህን የምጽፈው ለመመጻደቅ አይደለም። ትንሽ ግን ለመመጻደቅ ነው።

ከክቡርነትዎ የምለምነው አንዲት ቃል እንድትታረምልኝ ብቻ ነው። ቃሏ ጣቢያዎ ለልጄ በሰጣት ደረሰኝ ላይ ስለ አንዲት ወንበር የተጻፈች ናት። ይህንኑ ለማመልከት ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ሁለት ጊዜ መጥቼ፣ ጸሐፊዎ ሁለቱንም ጊዜ «ቅሬታ የሚቀበሉት ሰውዬ ስብሰባ ላይ ናቸው» ስላለችኝ፣ ምናልባት ምስጋና የሚቀበለው ሰው ስብሰባ አይበዛበት ይሆናል ብዬ ቅሬታዬን ምስጋና ብዬ ሰይሜዋለሁ። እንዳይጠፋም አንዱን ቅጂ ለጋዜጣ ልኬዋለሁ። ምስጋናዎቼ በቁጥር እንደሚከተለው ቀርበዋል።

አንደኛ፤ ስለ ምረቃው ቀን አመሰግናለሁ። ለእኛ ለጎረቤቶችዎ ዘጠነኛው ረድፍ ላይ ቦታ ተይዞልን ነበር። ወንበሮቹ ፕላስቲክ ስለነበሩ በሙያዬ የምለው የለኝም፤ ፕላስቲክ ከተሰነጠቀ እኔም ተስፋ እቆርጣለሁ። ክቡርነትዎ በንግግርዎ፣ ለሠላሳ ዓመት በራችን ፊት ለፊት የተከመረው የቆሻሻ ተራራ ቀን በቀን እየቀለጠ ወደ ብርሃን እንደሚለወጥ፣ ያም ብርሃን በቅድሚያ ተራራውን ሲያሸቱ ለኖሩት እንደሚዳረስ ሲገልጹ፣ ከጎኔ የነበረው ልብስ ሰፊ እንባውን ጠርጓል፤ እሱ ግን የማያውቀው ሰው ሠርግ ላይም የሚያለቅስ ስለሆነ ብዙ አይኩሩበት። ከዚያ ሪባኑ ተቆረጠ፣ ቁልፉ ተጫነ፣ ሁላችንም አንገታችንን ወደ ጭስ ማውጫው አቀናን። ጭስ አልመጣም። ሙዚቀኞቹ ያንኑ ዜማ አራት ጊዜ ደገሙት። ለካ ለምድጃው የቀረበለት የከተማው ልጣጭ፣ የበሰበሰ አትክልትና ዝናብ የጠጣ ጆንያ ኖሯል፤ በወረቀት ላይ «ደረቅ ቆሻሻ» ተብሎ ቢመዘገብም ሲጨምቁት ባልዲ ይሞላል። በመጨረሻ በርሜል ሙሉ ናፍጣ ተደፍቶለት አስሎ አስሎ አንድ ጥቁር ጭስ ተፋ፤ አጨበጨብን። እኔ ከልቤ ነበር ያጨበጨብሁት፤ ናፍጣ አቃጥሎ ልጣጭ ማድረቅን፣ ከልጣጩ የተገኘውን መብራት ደግሞ መልሶ ናፍጣውን ለሚስበው ፓምፕ መስጠትን የመሰለ፣ መጀመሪያውና መጨረሻው የገጠመ ሥራ በዕድሜዬ አላየሁም።

ሁለተኛ፤ በሳምንቱ ባለ መነጽሩን መሐንዲስዎን በየቤታችን ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ትሁት ልጅ ነው፤ ሱቄ ገብቶ አንድ በሽተኛ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ሲል በክንዱ ይዤ አትርፌዋለሁ። «አባት፣ ምድጃው ውሃ አይበላም» አለን። «ታዲያ ምን ይበላል? እኛን?» አለው ልብስ ሰፊው። መሐንዲሱ ሳቀ። ሳቀ እንጂ «አይ» እንዳላለ ለመዝገብ ያህል አሳውቃለሁ። ከዚያ ምድጃው አንዴ ከቀዘቀዘ መልሶ ለማሞቅ አራት ቀን እንደሚፈጅ፣ ጣቢያው በፈረመው ውልም ላይ ለአንድ ሰዓት እንኳ እንዳይቀዘቅዝ ተብሎ እንደተጻፈ፣ ስለዚህ ከልጣጩ ጋር የሚቀላቀል ወረቀት፣ ካርቶን፣ ጨርቅና እንጨት በብዛት እንደሚያስፈልግ አስረድቶን፣ ለየቤቱ አንዳንድ ቢጫ ጆንያ አደለን። ከእያንዳንዱ ቤት በየሳምንቱ ከሦስት ኪሎ የማያንስ የሚነድ ቆሻሻ ይጠበቃል ተባልን።

ክቡር ሆይ፣ እኛ እኮ ከልጅነታችን ጀምሮ «አታባክኑ» እየተባልን፣ አንዳንዴም በኩርኩም እየተነገረን ያደግን ሰዎች ነን። በእኔ ቤት ጋዜጣ ተነብቦ ሲያበቃ መጠቅለያ ይሆናል፣ መጠቅለያው የመስኮት መወልወያ ይሆናል፣ መወልወያው ሙጫ የሚደፋበት ምንጣፍ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረውን ነገር ወረቀት ብሎ ለመጥራት ድፍረት ይጠይቃል። የልብስ ሰፊው ቁርጥራጭ የወንበሮቼ ትራስ ውስጥ ገብቶ ስንት ሰው ተቀምጦበታል። እርስዎ ግን በስተርጅናችን ማባከንን አስተማሩን። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ጆንያዬን ይዤ ከጓዳ እስከ ጣሪያ የማይረባ ደረቅ ነገር ስፈልግ ውዬ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ያገኘሁት መስተዋት ፊት ስቆም ነው።

ሦስተኛ፤ ልጄን ስለቀጠሩልኝ አመሰግናለሁ፤ በዚህኛው አላሾፍም። ልጄ ቀድሞ ከተራራው ላይ ብረትና ጠርሙስ እየለየች የምታድር ነበረች፤ ተራራው በአጥር ሲታጠር መተዳደሪያዋም አብሮ ታጠረ። ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ ከሴት ልጇ ጋር እኔው ዘንድ ናት። ጣቢያዎ የመንገዳችን ሰብሳቢ አድርጎ ብርቱካንማ ሰደርያ፣ አንድ የእጅ ጋሪና ተንጠልጣይ ሚዛን ሲሰጣት፣ በዚያች ሰደርያ ሙሽራ መስላ ነበር ወደ ቤት የገባችው። በውሏ መጨረሻ ላይ ግን በደቃቅ ፊደል የሰፈረ አንድ አንቀጽ አለ፤ መንገዱ ሦስት ወር ተከታትሎ ከተመደበለት ኪሎ ካነሰ ሰብሳቢዋ ትሰናበታለች፣ መንገዱም ለመኪና ይሰጣል ይላል። ልጄ በየበሩ ቆማ ጆንያውን ሚዛኑ ላይ ስታንጠለጥል መርፌው ሲወዛወዝ አታይም፤ መርፌ ሊወጋ እንደሚመጣበት ሰው ፊቷን ታዞራለች። መርፌው ከቆመ በኋላ ነው ቀስ ብላ የምትመለከተው።

የመጀመሪያው ወር ጎደለ። በሁለተኛው ወር ሰፈሩ መከረ፣ የመካሪዎቹም አለቃ ልብስ ሰፊው ነበር። ኪሎ ማለት ክብደት አይደለም ወይ፣ ካርቶን ውሃ ቢነካው ይከብድ የለም ወይ፣ ስለዚህች ልጅ ስንል አንድ አንድ ኩባያ ውሃ ምን አለበት ተባለ። ሃያ ሦስት ቤት ተስማምቶ ካርቶኑንና ቁርጥራጩን ውሃ አጠጥቶ ለልጄ አስረከባት። ልጄ ጋሪው አልገፋ ሲላት ደስታዋ አይጣል ነበር፤ «አባባ፣ ዛሬስ ተሳካልኝ!» ብላኝ ነው እያለከለከች በበሬ ያለፈችው። የጣቢያዎ ሠራተኛ እርጥበት የሚለካውን ዘንግ ጆንያው ውስጥ ሰካ፣ አወጣ፣ አየ፣ ጋሪውን ሙሉ መለሰው። የሳምንቱ ሥራ ገደል ገባ፣ ሁለተኛው ወርም ጎደለ። እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ሰውን በመውደድ ብቻ ይህን የመሰለ ጥፋት መሥራት የሚችል ሰፈር ካለ አንድ ብቻ ነው፤ ያም የእኛ ነው። ልብስ ሰፊው ሦስት ቀን ሱቁን አልከፈተም። በአራተኛው ቀን የሠላሳ ዓመት የካርቶን ቅዶቹን፣ የሙሽራውንም የተማሪውንም የሟቹንም ልክ፣ በሁለት እጁ ታቅፎ መጥቶ «እንኪ፣ ደረቅ ናቸው» አላት። እሷ ሚዛን ላይ ስታደርጋቸው በዚህ ጊዜ ፊቱን ያዞረው እሱ ነበር።

እኔም ሥራዬን ጀመርሁ። መጀመሪያ የሞቱትን ወንበሮች ሰጠሁ። ቀጥሎ ባለቤቶቻቸው እንደወጡ የቀሩትን፣ ጣሪያዬ ላይ ተንጠልጥለው ሲጠብቁ የኖሩትን አወረድሁ። ከዚያ ጣቢያዎ «የተሰበረ የእንጨት ዕቃ ሁሉ ለምድጃው ይቅረብ» የሚል ወረቀት በሬ ላይ ስለለጠፈልኝ አዲስ በሽተኛ መምጣቱ ቆመ፤ ጸጉር አስተካካዩ እንኳ እግሩ የተነቃነቀ ወንበሩን ይዞ በበሬ ሲያልፍ አንገቱን ደፍቶ ነው፣ ለልጄ ጋሪ እያስረከበ። ባይሰጣት እቀየመው ነበር፤ ሲሰጣትም ተቀየምሁት። በሦስተኛው ወር አጋማሽ ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ የወንበር ሐኪሙ ሊድኑ የሚችሉ ሕሙማኑን በመጋዝ እየቆረጠ በቢጫ ጆንያ ይከት ነበር።

አራተኛ፤ አራተኛውን ምስጋና በሁለት ገጽ አሳምሬ ጽፌው ነበር፤ ነገር ግን ልጄ ትናንት ጆንያዋ ትንሽ ስትጎድልባት ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ከታዋለች። ስለ መብራቱ ነበር። በአጭሩ፣ መብራቱ አልመጣም። ሽቦው በጣሪያችን ላይ አልፎ የት እንደሚሄድ አናውቅም፤ የምናውቀው የሚያፏጭ መሆኑን ነው። ከጣቢያዎ በር ላይ ያለችው አምፖል ግን ቀትር ላይም ትበራለች፤ ፀሐይዋ እንዳትሰናከል ነው ብለን ተስማምተናል።

አምስተኛ፤ አሁን ወደ ወንበሯ ደረስሁ።

ነፍሷን ይማረውና ባለቤቴ የወንበር መቀመጫ ትታታ ነበር። እኔ እንጨቱን እሠራለሁ፣ እሷ ገመዱን ትጎነጉናለች፤ ከምትሰድበኝ ጊዜ በተረፈው ማለቴ ነው። በተጋባን በዓመቱ እንደልቧ ክንዷን እያወናጨፈች እንድትሠራ፣ መደገፊያ ያላት ግን የክንድ ማሳረፊያ የሌላት አጭር ወንበር ሠራሁላት። «ለድንክ ነው የሠራኸው?» አለችኝና ተቀመጠችባት፤ ሠላሳ አራት ዓመት አልተነሳችም ማለት ይቻላል። ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። መቀመጫዋ መሐሉ ላይ እሷን የምታህል ጎድጓዳ ነበረችው፤ እኔ ተቀምጬባት አላውቅም፤ ልኬ አይደለችም።

በሦስተኛው ወር መጨረሻ ቀን ዋዜማ የኋላ ግራ እግሯ ትንሽ እንደተነቃነቀ አይቼ፣ አውጥቼ፣ አጽድቼ፣ አዲስ የእንጨት ሽብልቅ አስገብቼ በሙጫ አጥብቄ መለስኋት። ከሠራኋቸው ጥገናዎች ሁሉ ያማረ ነበር፤ መገጣጠሚያው በጥፍር እንኳ አይያዝም። በማግስቱ ጠዋት ሙጫው እንዲደርቅ በሬ ላይ ፀሐይ አስያዝኋትና ወደ ልብስ ሰፊው ሻይ ልጠጣ ተሻገርሁ።

በመስኮቱ በኩል ልጄ ጋሪዋን እየገፋች ስትመጣ አየኋት። የወሩ የመጨረሻ ጭነቷ ነበር። ጆንያዎቹን አንድ በአንድ መዘነች፣ ደብተሯን አየች፣ መልሳ መዘነች። ከዚያ ወንበሯን አየች። እጇን መቀመጫዋ ላይ አሳረፈች። ወደ ቤቱ በር ዞር ብላ ተመለከተች፣ ማንም አልነበረም። ተቀመጠችባት። ልክ እንደ እናቷ እግሯን ገጥማ፣ ሁለት ክንዷን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እስከ ሃያ የሚያስቆጥር ያህል ተቀመጠችባት፤ ተነሳችና አንስታ ጋሪው ላይ ጫነቻት።

ልብስ ሰፊው «ምን ትጎለታለህ፣ ሂድና ያዛት እንጂ!» ብሎ ብድግ አለ። እጅጌውን ይዤ «ተቀመጥ አንተ፣ መርፌህን ያዝ» አልሁት። ብወጣ ኖሮ ትመልሳት ነበር። ስለዚህ አልወጣሁም።

ማታ እራት ላይ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ «አባባ፣ በር ላይ የነበረችው ወንበር...» ብላ ጀመረች። «እ፣ እሷ? ልጥላት ነው እኮ ያወጣኋት፤ መጫንሽ ደግ አደረግሽ» አልሁ። በእንጨት ጉዳይ ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው። «እሺ» አለችና የታጠበውን ሳህን ሁሉ እንደገና አጠበችው። ይህን ሁሉ በጋዜጣ ማውጣቴ ሊያስገርምዎ ይችላል፤ አይስጉ። ልጄ ጋዜጣ አታነብም፤ ጋዜጣ ትመዝናለች።

በማግስቱ ደረሰኙን ከሰደርያዋ ኪስ አወጣሁት። «አንድ ወንበር፣ ስባሪ፣ ደረቅ፣ አራት ኪሎ ተኩል» ይላል። መንገዳችን ከተመደበለት ኪሎ ያለፈው በሁለት መቶ ግራም ነው። ልጄ በሥራዋ የቆየችው በእናቷ ወንበር ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ ነገር ቅር የሚለው ሰው አባት አይባልም፣ እኔም ቅር አላለኝም። ኪሎው ልክ ነው። «ደረቅ» የሚለውም ልክ ነው፣ ሙጫው ደርቆ ነበር። ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ ስባሪ አልነበረችም። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ስባሪውን ከደህናው ስለይ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ያቺ ወንበር ጣቢያዎ በገባችበት ሰዓት ከዚያ ሁሉ ሕንጻ ውስጥ እግሯ የማይነቃነቅ እሷ ብቻ ነበረች።

ስለዚህ ሦስተኛ ጊዜ መጥቼ ሚዛን ቤት ያለውን መዝጋቢዎን አነጋገርሁት። ጥሩ ሰው ነው፣ ውሃ ሰጠኝ። ቃሏን እንዲያርምልኝ ስጠይቀው ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዙሮ አሳየኝ፤ ለእንጨት ዕቃ የተዘጋጁት ምርጫዎች ሁለት ናቸው፤ «ስባሪ» እና «እርጥብ»። «ደህና» የሚል የለም። «አባት፣ ደህና ነገር እዚህ አይመጣም ተብሎ ነው እኮ የተሠራው» አለኝ። የሰጠኝን ውሃ ጨርሼ ወጣሁ። ይህን ልብስ ሰፊው ቢሰማ እንደ ምረቃው ቀን ያለቅስ ነበር።

ስድስተኛ፤ ልጄን «የወሩ ምስጉን ሰብሳቢ» ብላችሁ ፎቶግራፏን ከነሰደርያዋ በሩ ላይ፣ ከዚያች ቀትር ከማታርፈው አምፖል ሥር ስለሰቀላችሁልኝ አመሰግናለሁ። በፎቶው ላይ ፈገግ ብላለች፤ ዓይኗን ግን የሚዛን መርፌ እንደሚወዛወዝበት ሰው ወደ ጎን አዙራለች። ከዚሁ ጋር በተያያዘው ደብዳቤ፣ መንገዳችን አቅም እንዳለው በተግባር ስላስመሰከረ፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የተመደበልን ኪሎ በአንድ አምስተኛ ከፍ ማለቱን አብስራችሁናል። እንግዲህ ቢጎድልብን ልጄ ትባረራለች፣ ብንሞላው ይጨመርብናል። እንዲህ ያለውን ወጥመድ ለአይጥ ሠርቼ ብሸጥ ኖሮ ሀብታም ሆኜ እሞት ነበር።

በበኩሌ ቀሪ ንብረቴን በትሕትና እንዲህ አሳውቃለሁ፤ የሥራ ጠረጴዛዬ፣ ከባድ እንጨት ስለሆነ ለሁለት ወር ይበቃል። የጣሪያው መስቀያና መደርደሪያዎቹ አንድ ወር። የመዶሻዎቹ፣ የመጋዙና የመሮዎቹ እጀታ አንድ ሳምንት። የሱቁ በር አንድ ሳምንት፤ በዚያን ጊዜ ውስጡ የሚሰረቅ ስለማይኖር በሩ አይቆጨኝም። ከዚያ በኋላ እኔ አለሁ። ሃምሳ ሁለት ኪሎ ነኝ፣ በእርግጥ ትንሽ እርጥበት ቀርቶኛል፤ ነገር ግን በዚህ አያያዝ ዝናቡ እስኪገባ እደርቃለሁ። ሰውነቴ ከዘንግዎ ጋር ችግር የሚገጥመው አይመስለኝም። ከሁለቱ ምርጫዎች የትኛው ላይ እንደምመዘገብም አስቀድሜ አውቃለሁ።

ሰባተኛ፤ ስለ አመዱ አመሰግናለሁ። በየጠዋቱ በመስኮቴ ደፍ ላይ ስስ ሆኖ አርፎ አገኘዋለሁ። ሌላው ሰው በጨርቅ ይጠርገዋል፣ ልብስ ሰፊውም በየቀኑ «ኧረ አራግፈው፣ ሳንባህን ይበላሃል!» እያለ ይጮህብኛል። እኔ ግን ከዚያ አመድ ውስጥ አንዳንዱን የማውቀው ስለሚመስለኝ አላራግፈውም። ጣቢያዎ ከዚያ ሁሉ ከወሰደው ነገር ወደ ቤታችን የመለሰልን እሱን ብቻ ነው፤ የመጣን እንግዳ ደግሞ መግፋት አልወድም።

ክቡር ሆይ፣ ቃሏ እንደማትታረም አውቃለሁ። ምድጃው እንደማይቀዘቅዝ፣ ውሉም እንደማይቀደድ፣ ተራራውም እንደማይቀልጥ አውቃለሁ፤ ተራራው እንዲያውም ሰሞኑን የወፈረ መስሎኛል፣ ልጣጩን የሚበላው ጠፍቶ። ልጄም ነገ ጠዋት ጋሪዋን እየገፋች በበሬ ታልፋለች፤ እኔም አንድ ነገር አዘጋጅቼ እጠብቃታለሁ፤ «ይሄን ደግሞ ልጥለው ስል መጣሽልኝ» እላታለሁ። እሷም እሺ ትለኛለች። ሁለታችንም በዚህ ውሸት ጥሩ አድርገን ሠልጥነናል።

በተረፈ ስብሰባዎችዎ እንዲያጥሩ፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ ቢነቃነቅም እግሩን የሚያጠብቅልዎ ሰው እስከዚያ ድረስ በመንገዳችን ላይ ተርፎ እንዲገኝ በመመኘት፣ ላደረጉልንና ገና ለሚያደርጉብን ሁሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ወገቤም እንደ ልብ ስለማይታዘዘኝ በሐሳቤ ዝቅ ብዬ፣ እጅ እነሳለሁ።

በነፋሱ መውረጃ ያለው ታዛዥ ጎረቤትዎ፣
የቀድሞ የወንበር ሐኪም፣
የምስጉኗ ሰብሳቢ አባት።

ተጨማሪ ማሳሰቢያ፤ ደብዳቤዬ ለምን እንዲህ እንደረዘመ ሳይገርምዎ አይቀርም። የጻፍሁት ልብስ ሰፊው ሸሽጎ ባስቀራቸው ወፍራም የካርቶን ቅዶች ጀርባ ላይ ነው፤ አሥራ አንድ ቅጠል ነው፤ በሰባት ቅጂ አዘጋጅቼ ሦስት ቀን ፀሐይ አስመትቼዋለሁ። ስለዚህ ሳያነቡት ቢጥሉት ፈጽሞ አልቀየምም፤ በቢጫው ጆንያ ይጣልልኝ፣ ሻይ አይፍሰስበት፣ ኪሎውም በልጄ መንገድ ላይ ይያዝልኝ። መዝጋቢው «ስባሪ» ብሎ ሲጽፈው ግን፣ እባክዎን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው፣ «ደህና ነበር» ይበሉልኝ።